ለሰው የሚያልሙት እትዬ ጥሩአየሁ

ለራሱ የሚያልም ሰው የትም አለ። ለሌላው የሚያልም ግን በአንድ ሰፈር ከአንድ በላይ አይበቅልም፤ ሁለት ቢሆኑ ሕልማቸው ይጋጭና ሰፈሩ ማንን እንደሚያምን ይቸገራል። እንዲህ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ነው። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ፣ የማንም ልጅ ስም የማይጠፋባት። ጠዋት መንገድ ላይ ታገኝህና ሰላምታውን ሳትጨርስ፣ "ትናንት ሌሊት አይቼልሃለሁ" ትልሃለች። ከዚያ ወዲያ የዕለቱ ሥራህ አበቃለት።

በጅጅጋ ይህ ሹመት የእትዬ ጥሩአየሁ ነበር። ስማቸውን ያወጡት እናታቸው፣ ልጄ አድጋ ስሟን እንደ ሥራ መደብ ትይዘዋለች ብለው አላሰቡም ይሆናል። ባላቸው ወታደር ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲመጡ ተከትለው መጡ። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ባልየው ታመው አረፉ፤ እሳቸውም "መቃብሩን ለማን ጥዬ እሄዳለሁ" ብለው ቀሩ። በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጧፍና ሻማ፣ የሕፃናት ማተብና ክር ይሸጣሉ። ይህ የቀን ሥራቸው ነው።

ሕልማቸው አይስትም። የሳተ ከመሰለ ገና አልደረሰም ማለት ነው። መምህር አምሀን ያየ ይመስክር። አምሀ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ሲሆን፣ ዝውውር ጠይቆ ሦስት ዓመት ጠበቀ። አንድ ማለዳ እትዬ ጥሩአየሁ አስቁመው፣ "ነጭ መኪና አይቼልሃለሁ፤ ከበርህ ላይ ቆሞ" አሉት። አምሀ ፍራሹን ጠቀለለ፣ ድስቱን ለጎረቤት ሰጠ። አራት ወር ያለ ድስት ኖረ። ድስቱን ሊዋስ ሲመላለስ ከጎረቤቱ እህት ጋር ተላመደ፤ በዓመቱ አገባት። የሠርጉ መኪና ነጭ ነበር። እትዬ ጥሩአየሁ ከድንኳኑ መሀል ተነሥተው፣ "አላልኩም?" አሉ። አምሀ ዝውውሩን ተወው።

ባጃጅ ነጂውን ተሜንም "ውሃ አይቼልሃለሁ" ብለውት አንድ ሳምንት ከቤት ሳይወጣ ቆየ። በስምንተኛው ቀን ደጁ ላይ ያለው ቧንቧ ፈነዳ። ሰፈሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ ሲሻማ እትዬ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ያዩ ነበር፤ የእሳቸው ድግስ ይመስል።

ከጎናቸው ጨርቅ የምትሸጠው ፋርቱን ስትቀልድባቸው ትውላለች። "ጥሩ፣ ለእኔስ መቼ ነው የምታዪልኝ?" ትላለች። "ለእስላም አላይም፤ ድንበር አልጥስም። የራሳችሁ ሰው ይይልሽ" ይላሉ እትዬ። ሆኖም የፋርቱን ጨርቅ ቶጎ ውጫሌ ኬላ ላይ ተይዞ የሰነበተ ጊዜ ጎረቤትነቱ አሸነፋቸውና አዩላት።

ቄሱም አንድ እሑድ በስብከታቸው ነገሩን አነሡት። "ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ለተኛ ሰው ብቻ አይናገርም፤ እስቲ ነቅታችሁም ስሙት" አሉ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሴቶች መቆሚያ ዞረ። እትዬ ጥሩአየሁም ከሰው ጋር አብረው ዞረው አዩ፤ ማን ይሆን የተነካው ብለው። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ጧፍ ሊገዙ ጎራ አሉና፣ ግራ ቀኝ ተመልክተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስለ እኔ ያየሽው ነገር ይኖር ይሆን?" ብለው ጠየቁ።

ፀዳለ በዚህ ሁሉ እየሳቀች ያደገች ልጅ ናት። ጅጅጋ ተወልዳ ሶማሊኛውን ከአማርኛው እኩል የምትናገር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የምትመራ፣ ሃያ ዓመት የሞላት። እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ አባቷ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ የቀድሞ ወታደር፣ አሁን የትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ክረምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ፀዳለ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ነጥብ በጥቂት ሳተችው። ያመማት ይህ "በጥቂት" የሚባለው ነገር ነው፤ በብዙ የወደቀ ሰው ቢያንስ እንቅልፍ ይወስደዋል።

የልብ ጓደኛዋ ሮዛም ነጥቡ አልመጣላትም። ሮዛ ግን ቁጭ ብላ የምታለቅስ ልጅ አይደለችም፤ ደላላ አገኘች። መንገዱ በቶጎ ውጫሌ ይወጣል፣ ሐርጌሳን አልፎ ቦሳሶ ይደርሳል፣ ከቦሳሶ በጀልባ ወደ የመን ነው። "ከዚያማ ዓለም ክፍት ነው" ብሏል ደላላው። የሚነሡት ጳጉሜ ሁለት ነው፤ ለፀዳለም ቦታ አለ።

በሌላ በኩል የከተማው የጤና ኮሌጅ ለአዋላጅ ነርስነት ተማሪ እቀበላለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ምዝገባው ነሐሴ ሠላሳ ያበቃል። ከዚያ የሚመረቅ ሰው ወደ ገጠር ወረዳ እንደሚላክ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ፊት ብዙ ሰው አይቆምም።

ፀዳለ ፍልሰታን አሥራ አምስቱንም ቀን ጾማ ቆርባ፣ "ጌታ ሆይ፣ ልሂድ?" ስትል ከረመች። መልስ አልመጣም። ቅዳሴው እንደ ወትሮው፣ መዝሙሩም እንደ ወትሮው ሆኖ አለፈ። ሮዛ በየቀኑ "እሺ ምን ወሰንሽ?" ትላታለች። እሷም በየቀኑ "እየጸለይኩ ነው" ትላለች። ጾሙ ከተፈታ በሳምንቱ የሳቀችባቸውን ሴትዮ ፍለጋ ሄደች። ሰው ሲጨንቀው የሳቀበትን በር ማንኳኳቱ አዲስ ነገር አይደለም።

"እትዬ፣ ስለ እኔ ያዩት ነገር አለ?" አለች፣ ሁለት ጧፍ አንሥታ መልሳ እያስቀመጠች።

"ስለ ምን ጉዳይ?"

ነገረቻቸው። ሲያወሩ እጃቸው የማያርፈው እትዬ ጥሩአየሁ ክር መጠቅለላቸውን አቆሙ። የወትሮአቸው ቢሆን ገና ሳትጨርስ "አይቼልሻለሁ" ይሉ ነበር።

"አባትሽ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"መቼ ነው የምትነሡት?"

"ጳጉሜ ሁለት።"

"ሦስት ቀን ስጪኝ" አሉ።

ፀዳለ ሦስቱን ቀን በሁለት ልብ ቆየች። ባሕሩን አይቼልሻለሁ እንዲሏት ትመኛለች፤ መልሳ ደግሞ እንዳይሏት ትፈራለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስትሄድ ሱቁ ተከፍቷል፣ እትዬ ግን ዓይናቸው ደም መስሏል። እንቅልፍ ያጡ ወይም ያለቀሱ ይመስላሉ።

"ምንም አላየሁም" አሉ።

"ምንም?"

"ምንም።"

ፀዳለ ተቆጣች። "ለመምህር አምሀ ነጭ መኪና አዩለት። ለተሜ ውሃ አዩለት። ለፋርቱን እንኳን አይተዋል። ለእኔ ሲሆን ነው የሚጠፋው?"

እትዬ ጥሩአየሁ ቀና ብለው ሳያዩዋት፣ "ተቀመጪ" አሉና ከጎናቸው ያለውን በርጩማ ሳቡላት። "ልጄ፣ እኔ ጧፍ ሻጭ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ባልም ልጅም የለኝም። 'አምሀ፣ እዚሁ ብትቀር ይሻልሃል ይመስለኛል' ብለው ኖሮ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር? 'አየሁ' ስል ግን ይቆማል። ቄሱም ይቆማሉ።"

"ታዲያ ሲዋሹን ኖረዋል?"

"አልዋሽም። ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጬ የሚያልፈውን ሰው ነገር አስባለሁ፤ ሲመሽ ያሰብኩትን አልማለሁ። ከእኔ ይሁን ከእሱ" አሉ ወደ ላይ እየጠቆሙ፣ "ለይቼ አላውቅም። ለድስትና ለባጃጅ ብለይ ባልለይ ምን ይመጣል። ይሄ ግን ባሕር ነው።"

ፀዳለ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ እትዬ። "አሥራ አምስት ቀን ስትጸልዪ እግዚአብሔርን ጠየቅሽው ወይስ ማኅተም እንዲያደርግልሽ ነው የፈለግሽው? ሰው አንዳንዴ ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ፣ ማኅተሙን ብቻ ነው ከእሱ የሚፈልገው።"

ፀዳለ ስትጸልይ ስለ ኮሌጁ አንድም ቀን አልጠየቀችም ነበር።

"እንግዲህ ሕልም የለንም" አሉ እትዬ ጥሩአየሁ፣ ጉልበታቸውን ይዘው እየተነሡ። "ያለን ዓይንና ጆሮ ነው። ነይ።" ከስቅለት በስተቀር በሥራ ቀን ዘግተው የማያውቁትን ሱቅ በማዳበሪያ ሸፍነው ወደ ፋርቱን ወሰዷት። መንገዱ አምስት እርምጃ ቢሆንም እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው የሄዱት።

ፋርቱን ጨርቅ ልታመጣ በዓመት ሁለት ጊዜ ከወንድሟ ጋር ቦሳሶ ትሄዳለች። ነገሩን ስትሰማ ቀልዷን ተወች። ትንሽም ትልቅም ሴት የምትጠራው "አባዮ" ብላ ነው፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

"አባዮ፣ አልዋሽሽም። የሚደርስ አለ" አለች። "ባሕሩ ሲረጋ ጀልባዎቹ ይነሣሉ። የሚሳፈሩትን አያለሁ፣ እንደ አንቺ ያሉ ልጆች ናቸው። የደረሱት ስልክ ይደውላሉ። ያልደረሱትን ደግሞ እናቶቻቸው ፎቶ ይዘው እኔን ይጠይቁኛል፣ 'አይተሻት ይሆን?' እያሉ። ሦስት ፎቶ አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም።"

"ስንቱ ነው የሚደርሰው?" አለች ፀዳለ።

"ወላሂ አላውቅም። ደላላውም አያውቅም። እሱ ግን አውቃለሁ ይላል።"

ከዚያ ፋርቱን ጨርቁን እያጠፈች ስለ ኮሌጁ ጠየቀች። ፀዳለ ስትነግራት የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። "የእህቴ ልጅ ደምበል ወረዳ፣ ገጠር ነው በወሊድ የሞተችው" አለች። "አዋላጅ ተልኳል ይሉናል። የምትላከው አፋችንን፣ ሶማሊኛውን፣ አታውቅም፤ ወላዷ ሆዴን ስትላት ጀርባዋን ታያለች። አፋችንን የምታውቁት እናንተ ደግሞ ባሕር ልትሻገሩ ነው።" እንደ ወቀሳ አላለችውም፤ እንደ ጨርቅ ዋጋ ነው የተናገረችው።

በዚያው ምሳ ሰዓት ፀዳለ አባቷ ወደሚጠብቁት ትምህርት ቤት ሄዳ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በሩን ገርበብ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"የምሰጥሽ የለኝምና ሂጂም አትሂጂም ለማለት አፍራለሁ" አሉ። "እኔ በትእዛዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሂድ ሲሉኝ ሄድኩ። ከዚያ ያዘዙኝ ሁሉ ጠፉና መንገድ ላይ ቀረሁ። አንቺ የሚያዝሽ ድምፅ አልመጣልሽም ብለሽ አትዘኚ። እግዜር ልጅ ሲያደርገን ወታደር አላደረገንም።"

አባቷ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። ራሳቸውም የደነገጡ መስለው ተነሥተው በሩን ከፈቱ፤ የሚገባ ሰው ግን አልነበረም።

ነሐሴ ሠላሳ ጠዋት ፀዳለ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ቆመች። በዚህ ጊዜ ልሂድ አላለችም፤ "ያየሁትን አይቻለሁ፣ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፤ ብሳሳት አትተወኝ" አለች። ድምፅ አልመጣም። ከዚያ ወጥታ ኮሌጁ ድረስ በእግሯ ሄደችና ተሰለፈች። ሰልፉ ላይ ሦስት ጊዜ ልትመለስ ዳድቷታል። ያ ቀን ሰው በኋላ እንደሚያወራው የብርሃን ቀን አልነበረም፤ ፀሐይ ነበር፣ ወረፋ ነበር፣ አንድ ጉርድ ፎቶ ጎድሎባት ደግሞ ተመልሳ መጣች።

ጳጉሜ ሁለት ሮዛን ልትሸኝ መናኸሪያ ሄደች።

"ምን ታየሽ?" አለቻት ሮዛ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ።

"ምንም።"

"እኔም ምንም" አለች ሮዛ። "ግን መቀመጥ አልቻልኩም።" ፋርቱን ያለችውን ሁሉ ፀዳለ አስቀድማ ነግራታለች። ሮዛ ሰምታለች፤ ሰምታም ሄደች። ሚኒባሱ እስኪንቀሳቀስ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበሩ።

ሮዛ ደረሰች። ስምንት ወር ድምፅዋ ጠፍቶ እናቷ ፎቶዋን ይዛ ፋርቱን ዘንድ ልትሄድ ስትነሣ ከሰንዓ ደወለች። ስለ ባሕሩ አልተናገረችም። ሰው ቤት ተቀጥራ ሠራች፣ ለእናቷ ብር ላከች፣ የእናቷ ቤት በሲሚንቶ ተለሰነ። ፀዳለ ያኔ ኮሌጅ ናት። የሮዛን ፎቶ ባየች ቁጥር "ተሳስቼ ይሆን?" ትላለች። ውሳኔዋ ትክክል እንደነበረ እርግጠኛ የሆነችው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም አንዳንድ ቀን ብቻ።

በ2003 ደምበል ተመደበች። የመጀመሪያውን ወር አለቀሰች። በሁለተኛው ወር አንዲት እናት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አልጋው ድረስ ሳትደርስ ጤና ጣቢያው በር ላይ ወለደች። ፀዳለ ተንበርክካ በሶማሊኛ "ያዢኝ፣ አትፍሪ፣ አሁን ግፊ" ስትላት አያትየዋ ክንዷን ይዛ፣ "አፋችንን ማን አስተማረሽ?" አለቻት። "እዚሁ ነው ያደግሁት" አለች ፀዳለ። ሕፃኗን ፊርደውስ አሏት። ከዚያ በኋላ ለቅሶው አልፎ አልፎ ሆነ።

ሮዛ በ2007 የየመን ጦርነት ሲነሣ አንድ ቦርሳ ይዛ ተመለሰች። ሁለቱ ሲገናኙ ማን ልክ እንደነበረ አልተነጋገሩም። እንደዚያ ያለ ነገር የሚያወሩት ከቤት ያልወጡ ሰዎች ናቸው።

የ2008 ገና ሰሞን ፀዳለ እረፍት ወጥታ ጅጅጋ መጣች። እትዬ ጥሩአየሁ ሱቁን ለሰው ሰጥተው ቤት ውለዋል፤ እግራቸው አብጧል። ፀዳለ ደም ግፊታቸውን ለካች፣ እግራቸውን ትራስ ላይ አሳረፈች፣ ኪኒናውን በጠዋት እንዲውጡ ነገረቻቸው። በሕልም አልታዘዘልኝም ብለው ተከራከሯት። ስትቆጣቸው ዋጡ።

ከዚያ ጣሪያውን እያዩ፣ "አንድ ያልነገርኩሽ አለ" አሉ።

"ምን?"

"ያኔ፣ በሦስተኛው ሌሊት፣ አይቼልሽ ነበር።"

ፀዳለ የግፊት መለኪያውን የምትጠቀልልበት እጇ ቆመ።

"ባሕሩ ማዶ ቆመሻል። እግርሽ አልረጠበም። እየሳቅሽ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የጠራ አይቼ አላውቅም፤ ሌላው ሁሉ ብጥስጣሽ ነው። ስነቃ እንኳን ሳቅሽ ይሰማኝ ነበር።"

"መልካም ሕልም ነበር እኮ።"

"መልካም ነበር። ብነግርሽ ትሄጂ ነበር።"

"ታዲያ ለምን...?"

"ፈራሁ" አሉ እትዬ ጥሩአየሁ። "ተነሥቼ እስኪነጋ አለቀስኩ። ሕልሙ የእግዜር ከሆነ ያለ እኔ አፍም ያደርሳታል አልኩ። የእኔ ከሆነ ግን ልጅ የሚያሰጥም ነው። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ ምንም አላየሁም አልኩሽ። በሕይወቴ ስለ ሕልም የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ለቄሱ ተናዝዣለሁ።"

ፀዳለ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። እኚህ ሴትዮ የአምሀን መኪና ቁርስ እስኪቀርብ መያዝ ያልቻሉ ናቸው። የተሜን ውሃ ከቤተ ክርስቲያን በር እስከ መናኸሪያ ሲናገሩት ነው የዋሉት። የሕይወታቸውን ትልቁን ሕልም ግን፣ እውነት ቢሆን ስማቸውን ከከተማ ከተማ የሚያስጠራውን፣ ስምንት ዓመት በሆዳቸው ይዘው ኖሩ።

"ቆጭቶዎት ያውቃል?" አለች።

"በየበዓሉ" አሉ። "ከደምበል በመጣሽ ቁጥር ሰላም ስትዪኝ ፊትሽን አያለሁ። ሳቋን ቀምቻት ይሆን እያልኩ።"

"እና ምን ያያሉ?"

እትዬ ጥሩአየሁ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው መረመሯት።

"አንዳንዴ ደክሞሻል። አንዳንዴ አኩርፈሻል። አንድ ጊዜ፣ ፋሲካ ላይ፣ ጫማሽ እንኳን ደም ነክቶት ነበር። እንደ ሰው ነሽ።"

ፀዳለ ሳቀች። እትዬ ጥሩአየሁ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ሳቋ እስኪያልቅ ድረስ አዩአት።